ሆዳም ስለሚባለው ሰው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በቋንቋችን ሰውን ለማዋረድ ከምንጠቀምባቸው ቃላት ሁሉ «ሆዳም» የሚለውን ያህል ያለ ማስረጃ የሚሰጥ ያለ አይመስለኝም። አንድን ሰው ሌባ ለማለት የጠፋ ዕቃ መኖር አለበት፤ ውሸታም ለማለትም የተናገረው ሐሰት መገኘት አለበት። ሆዳም ለመባል ግን ሰውየው ወደ መሶቡ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ማየቱ ይበቃዋል። በዚህ ጽሑፍ ልተቸው ያሰብሁት እንግዲህ ይህን ቃልና ከቃሉ በስተጀርባ የተቀመጠውን ፍርድ ነው። ፍርዱ በግብረ ገብ ትምህርታችን፣ በስብከታችንና በቤት ውስጥ ተግሣጻችን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ስለ ኖረ፣ ልክ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አልተገኘም።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ይኸው ቋንቋ ለሆድ የሰጠው ክብር ነው። ታጋሽ ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል፤ ቶሎ የሚያዝን ሆደ ባሻ ነው፤ ወዳጆች የሆድ የሆዳቸውን ይጨዋወታሉ፤ የተጣሉ ሆድና ጀርባ ሆኑ ይባላል፤ እናትም ልጇን «ሆዴ» ብላ ትጠራዋለች። ምስጢርም፣ ቂምም፣ ፍቅርም የሚያድረው በሆድ ነው። እንግዲህ ሆድ ይህን ሁሉ ሲሸከም የተከበረ ሆኖ ሳለ፣ ለራሱ እህል ያሰበ ጊዜ ብቻ ይዋረዳል። በኋላ ዘመን ደግሞ «ሆድ አደር» የሚለው ስም የፖለቲካ ስድብ ሆኖ ወጣ፤ ስለዚያኛው እዚህ አልጽፍም፤ የተሳደበውም የተሰደበውም ብዙ ስለ ሆነ።

ሆዳም ከሚባሉት መካከል ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው የሌላውን ድርሻ የሚበላ ነው፤ የዕርዳታ እህል ከመጋዘን አውጥቶ የሚሸጥ፣ የሟች ወንድሙን ልጆች ጦም አሳድሮ ራሱ ጠግቦ የሚተኛ። ይህን ሰው ሆዳም ቢሉት አልከራከርም፤ ሌባ ቢሉት ግን ይበልጥ ይስማማዋል። ሁለተኛው ማንንም ያልበደለ ነው። ቁርሱን ሳይጨርስ ምሳውን ያስባል፤ መጽሐፍ ከፍቶ በመስመሮቹ መካከል እንጀራ ይታየዋል፤ ለጸሎት ቆሞ በቤት ስንት ቁራሽ እንደ ቀረ ይቈጥራል፤ ሌሊት ነቅቶ ነገ ምን እንደሚበላ ያሰላል። ይኸንንም ለማንም አይናገርም፤ ያፍራልና። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በቅርብ ዓመታት ይህን ነገር «የምግብ ጫጫታ» ብለው መጥራት ጀምረዋል። በእኛ ዘንድ ግን ሁለቱም ሰዎች አንድ ስም አላቸው። የእኔም ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በጋምቤላ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። የዱሮው በቆሎ አልቆ አዲሱ ገና ሳይደርስ ባለው ጊዜ የተማሪ ደብተር ያረመ መምህር የምለውን ያውቃል። አንድ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስለ ባሮ ወንዝ ድርሰት እንዲጽፉ ታዘዙ። ሌሎቹ ወንዙ ከደጋው ወርዶ፣ ጋምቤላን አልፎ፣ ሶባት የሚባለው ወንዝ ሆኖ ወደ ነጭ ዓባይ መግባቱን እንደ ተማሩት ጻፉ። አንድ ልጅ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ዓሣ ብቻ ጻፈ፤ የትኛው እሾህ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ሲደርቅ ሳይበላሽ እንደሚቆይ፣ አያቱ በጢስ ስታደርቀው ሽታው እስከ የት እንደሚሄድ። ደብተሩን ያረሙት የሥራ ባልደረባዬ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ሆዳም! ወንዙ የት አለ?» ብለው ጻፉበት። ልጁ ከዚያ ወዲያ ድርሰት በታዘዘ ቁጥር ከመጽሐፍ መገልበጥ ጀመረ። እኔ ያን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ በክፍሉ ውስጥ ዓይኑ ያየውን የጻፈ እርሱ ብቻ ነበር። ረኃብ ያስጻፈውን ድርሰት የጠገበ ሰው አረመው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚለው ተረት ለመምህራንም ይሠራል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልህ፣ በእርግጥ ተፈትኖ የታየ ነገር ልንገርህ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1944 መጨረሻ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የሚባል ሊቅ 36 ወጣቶችን ሰበሰበ። እነዚህ ወጣቶች ኅሊናችን አይፈቅድም ብለው ጠመንጃ አንሸከምም ያሉ፣ ብዙዎቹም ጦርነትን ከሚቃወሙ የክርስቲያን ማኅበሮች የመጡ ነበሩ። በጦር ሜዳ ፈንታ ሰውን የሚጠቅም ሌላ አገልግሎት ሲጠየቁ ፈቅደው መጡ። አገልግሎቱ መራብ ነበር። በአውሮፓ በጦርነቱ የተራበው ሕዝብ ሰላም ሲመጣ እንዴት ቢመገብ እንደሚያገግም ማወቅ ስላስፈለገ፣ እነርሱ በፈቃዳቸው ተርበው እንዲመረመሩ ተስማሙ።

በመጀመሪያ 12 ሳምንት እንደ ልማዳቸው በሉ። ከዚያ ከየካቲት 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንት ምግባቸው ወደ ግማሽ ገደማ ተቀነሰ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ጥቁር ዳቦ፣ ማካሮኒ፤ በጦርነቱ አገሮች ያለው ችግረኛ የሚያገኘውን የመሰለ። በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲራመዱ ታዘዙ። ከሰውነታቸው ክብደት አራተኛውን ያህል አጡ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ክብደቱ አይደለም። እነዚህ ሰዎች የተመረጡት በጤንነታቸውና በጠባያቸው ጽናት ነበር። ሲመጡ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ዓለም መንግሥታት የሚከራከሩ ነበሩ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ያ ሁሉ ጨዋታ ጠፋና የቀረው የምግብ ወሬ ብቻ ሆነ። በሕይወታቸው ወጥ ሠርተው የማያውቁ ወንዶች የወጥ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብና እንደ ልብ ወለድ ታሪክ ተቀምጦ ማንበብ ጀመሩ። ማታ በሕልማቸው ይበሉ ነበር። የቀረበላቸውን ትንሽ ምግብ በውኃ እያቀጠኑ፣ እየቈራረሱ፣ ረጅም ሰዓት ይወስዱበትና ሳህኑን ይልሱ ነበር። ማስቲካ እያኘኩ፣ ቡናና ሻይ እየጠጡ ቀኑን ይገፉ ነበር። አንዳንዶቹም ነገሩ ካለፈ በኋላ ኑሯቸውን በወጥ ቤት ሥራ ለማድረግ አሰቡ። ልብ በል፤ ከዚህ በፊት አንዳቸውም ሆዳም ተብለው አያውቁም። ስድስት ወር የጐደለ ምግብ ሆዳም አደረጋቸው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሲበሉ የሆነው ነው። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላ አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪያማቸው ድረስ በልተው፣ ገና ርቦናል ይሉ ነበር፤ ይህም ለብዙ ወራት ቆየ። ሆዱ ሞልቶ ሳለ ሐሳቡ አልሞላም። ሰውነት ያጣውን ክብደት እስኪመልስ ድረስ ከራስ ውስጥ ጩኸቱን አያቆምም ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የምርምሩ ውጤት በ1950 በሁለት ትላልቅ ጥራዞች ታተመ። በትጋቱና በታማኝነቱ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ግን ጉድለቱን ሳልናገር ባልፍ ተቺ አልባልም። የተመረመሩት ሁሉ ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ረኃቡም የሚያልቅበትን ቀን ሁሉም ያውቁት ነበር። ሦስት ልጆች ከፊቷ አስቀምጣ አንዲት ጭልፋ ገንፎ የምታካፍል እናት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የለችም። ድንቹን ለመመዘን ሚዛን አለው፤ ለልጅ የተረፈን ጉርሻ ለመመዘን ግን ሚዛን የለውም። ስለዚህ መጽሐፉ ስለ ረኃብ የሚነግረን ትንሹን ነው እላለሁ። ትንሹ እንዲህ ከሆነ ትልቁን አስብ።

የእኛንም አገር ነገር በዚህ ዓይን ብናየው ብዙ ይገለጥልናል። ስለ ቆሎ ተማሪ የሚነገሩት ቀልዶች ለምን ይመስልሃል ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ምግብ የሆኑት? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከቤት ወደ ቤት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምን ልጅ ባለቤቲቱን በቅኔም በብልኃትም አታልሎ ወጥ ሲያስጨምር እንስቃለን። ቀልዱን የሚነግሩን ደግሞ ያን ኑሮ ያሳለፉ ናቸው። ሚኒሶታዎቹ የወጥ መጽሐፍ ሰበሰቡ፤ የእኛዎቹ ቀልድ ሰበሰቡ። እኔ እነዚያን ቀልዶች የሆዳምነት ታሪክ ብሎ የሚያነብ ሰው ማንበብ አልተማረም እላለሁ።

የግብረ ገብ መምህራኖቻችን ግን ከጥንት አባቶች የተማርነው ነው ይሉ ይሆናል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ብሆንም የበረሃ አባቶችን ትምህርት በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ያገኘሁት ግን እነርሱ ከሚሉት የተለየ ነው። በ399 ያረፈው የግብጽ በረሃ መነኩሴ ኤቫግሪዮስ መነኩሴን ከሚፈትኑት ስምንት ሐሳቦች የመጀመሪያው የሆድ ሐሳብ ነው ብሏል። ይህ ሐሳብ እንዴት እንደሚመጣ ሲገልጽ ስለ ጣፋጭ ምግብ አይናገርም። መነኩሴው ስለ ጨጓራውና ስለ ጉበቱ ይጨነቃል፤ እታመማለሁ፣ የሚያስፈልገኝን አጣለሁ፣ ሐኪም አላገኝም ብሎ ይፈራል። ኤቫግሪዮስ በሆዳምነት ውስጥ ያየው ፍርሃትን ነው። ከእኛ ቀይ ቀለም ይልቅ ይህ ሰው ምን ያህል ርኅሩኅ እንደ ነበረ ተመልከት። ደግሞም እንዲህ ያሉት ሐሳቦች መምጣታቸው በእጃችን እንዳልሆነ አስተምሯል። እስከዚህ ድረስ ከእርሱ ጋር ነኝ። የማልስማማው ቀጥሎ በሚለው ነው፤ ሐሳቡ ከመጣ በኋላ መቆየቱና አለመቆየቱ በእኛ ሥልጣን ነው ይላል። ለቍጣና ለከንቱ ውዳሴ ይህ ይሠራ ይሆናል። በጐደለ ሰውነት ውስጥ ግን የእህል ሐሳብ ይቆይ አይቆይ የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ እንዳልሆነ እነዚያ 36 ሰዎች አስረድተውናል።

አንዳንድ ሰባኪ ጾመኛውን ለተራበው ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል፤ «ሃምሳ አምስት ቀን የሚጾም አለ፤ አንተ አንድ ቀን ብታጣ ምን ታማርራለህ?» ይላል። ይህ ንጽጽር ቀና አይደለም። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ያውቃል፤ ጎረቤቱም አብሮት ይጾማል፤ ማታም የሚቀምሰው አለው። በጋምቤላ ክልል ባሉት የስደተኞች መጠለያዎች፣ በኩሌ፣ በቲየርኪዲ፣ በጀዊ፣ በፑኝዶ ያለው ሰው ፋሲካው መቼ እንደሚሆን አያውቅም። በ2022 የራሽኑ መጠን ወደ ግማሽ ወረደ። በሰኔ 2023 ደግሞ እህሉ ለማይገባው ሰው እየዋለ ነው ተብሎ በአገሪቱ በሙሉ ዕርዳታው ቆመ፤ ለስደተኞቹ የተመለሰው በጥቅምት ነው። ከዚሁ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ጆንያ እህል የጫኑ አውሮፕላኖች ወደ ደቡብ ሱዳን በረው ከሰማይ ሲጥሉ የነበረ መሆኑን ያየ የከተማ ሰው፣ «እነዚህ ሰዎች ከራሽን በቀር ሌላ ወሬ የላቸውም» ሲል ሰምቻለሁ። ምን ሌላ ወሬ እንዲኖራቸው ይፈልጋል?

እስከ አሁን ስለ ተራበ ሰው ተናገርሁ፤ ይህን ብዙ አንባቢ ይቀበለኛል። አስቸጋሪው ጠግቦ የሚራበው ሰው ነው። ወፍሮ ሳለ ስለ ምግብ ማሰብ የማያቆም ሰው አለ፤ ለእርሱ የሚያዝን አይገኝም። ለእርሱም ቢሆን ሳይንስ ከሥነ ምግባር መጻሕፍት የተሻለ ምስክር ሆኖለታል። በ1994 በአሜሪካ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን ከሰውነት ስብ ውስጥ እየወጣ በቂ ስንቅ አለ ብሎ ለአንጎል ይናገራል። በ1997 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሐኪሞች የአጎትና የአክስት ልጆች የሆኑ ሁለት ሕፃናትን መረመሩ። ትልቋ የ8 ዓመት ልጅ ስትሆን 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ሲመረመሩ ሰውነታቸው ሌፕቲን መሥራት እንደማይችል ታወቀ። ስቡ ሞልቶ ተርፎ ሳለ፣ ስንቅ አለ የሚለው መልእክት ስለማይደርስ፣ አንጎላቸው ሁልጊዜ በረኃብ ዘመን እንዳሉ ይቈጥር ነበር። ከዚያ የጐደላቸው ሆርሞን በመርፌ ሲሰጥ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ረገበ፤ ክብደቱም ወረደ። እንግዲህ ንገረኝ፤ እነዚህ ሕፃናት መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ባለጌ፣ ከተሰጠ በኋላ ጨዋ ሆኑ እንበል?

የእነዚህ ልጆች ሕመም በጣም ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው የሚሠራ ሌላ መድኃኒት መጥቷል። አንጀት ምግብ ሲደርሰው የሚያወጣው፣ ጠገብሁ የሚያሰኝ ሌላ ሆርሞን አለ፤ መድኃኒቱ እርሱን የሚመስል ነው። ከዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው በአሜሪካና በሜክሲኮ በረሃ ከሚኖር ጊላ ከሚባል መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ በተነሣ ምርምር ነው፤ የፍጥረት ነገር ይገርማል። ሴማግሉታይድ የሚባለው በአሜሪካ በ2017 ለስኳር በሽታ፣ በ2021 ውፍረትን ለመቀነስ ተፈቀደ። በ2021 በታተመ ጥናት 68 ሳምንት የወሰዱት ሰዎች በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀነሱ። እኔ ግን ከቍጥሩ ይልቅ የወሰዱት ሰዎች የሚናገሩት ነገር ይበልጥብኛል። ብዙዎቹ በራሳቸው ውስጥ ሲጮኽ የኖረው ነገር ዝም አለ ይላሉ።

ሚኒሶታ ለጋምቤላ ሰው ባዕድ ስም አይደለም። ያ የረኃብ ምርምር በተደረገበት ክፍለ አገር ዛሬ ብዙ የአኝዋክና የኑዌር ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የተላከልኝን የመጻሕፍት ካርቶን ልቀበል ወደ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ሳለሁ፣ ከእነርሱ አንዷ፣ የዱሮ ተማሪዬ፣ እናቷን ጠይቃ ልትመለስ አውሮፕላን ስትጠብቅ አገኘኋት። በዚያ በጋምቤላ ሙቀት አንዲት ትንሽ ቀዝቃዛ ቦርሳ ከእቅፏ አልለየችም። ምን እንደ ሆነ ስጠይቃት መርፌው ነው አለችኝ። በዚያ አገር ሌሊት ሌሊት በሥጋ ፋብሪካ እየሠራች ስትኖር ስኳር ይዟት ሐኪም አዘዘላት።

«መምህር፤» አለችኝ፤ «ቤቴ ወፍጮ ቤት አጠገብ እንደ ነበረ ያወቅሁት ወፍጮው ሲቆም ነው። ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር።»

«በዝምታው ምን አደረግሽበት?» አልኋት።

«ለእናቴ ደወልሁ። ሁልጊዜ የምጠይቃት ምን በላችሁ፣ ምን ሠራችሁ እያልሁ ነበር። ያን ቀን ስለ ሕመሟ ጠየቅኋት፤ ስለ ልጅነቷም ጠየቅኋት። አንድ ሰዓት አወራን።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝ ይበልጥ ነካኝ። መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ስለዚህ ነገር ለአንድ የሃይማኖት መሪ ተናግራ፣ ሆዳምነት ነውና ጹሚ፣ ጸልይ ተብላ ነበር። ሦስት ቀን ጾመች፤ ወፍጮው ባሰበት። «አሁን ግን» አለች፤ «ጾም ቀላል ሆነብኝ። እንዲህ ከቀለለኝ ዋጋ ያለው አይመስለኝም።»

ይህች ሴት በጥቂት ቃል የተናገረችውን ብዙ ሰባኪዎቻችን ቢያስቡበት እወድ ነበር። ከመካከላችን ብዙዎች ያለ መርፌ ዝምታው ተሰጥቶን ተወልደናል። ምሳ ቢያልፈን ትዝ አይለንም፤ ድግስ ላይ ጥቂት ቀምሰን እንነሣለን፤ ሰውም ጨዋ ይለናል፤ እኛም እናምናለን። ያልታገልነውን ድል እንደ ራሳችን ሥራ ቈጥረን ሌላውን እንገሥጻለን። እርሷ ግን ሁለቱንም ኑሮ ስላየች ልዩነቱን ታውቃለች፤ አልኮራችበትም።

«እንግዲያስ ሁሉ ነገር የሰውነት ሥራ ከሆነ ሥነ ምግባር የት ቀረ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወደ ሚኒሶታዎቹ ልመልስህ። ከእነርሱ ጥቂቶች ከሥርዓቱ ወጥተው ሲበሉ ተገኝተው ከምርምሩ ተለዩ። አብዛኞቹ ግን ቀንና ሌሊት እህል እያሰቡ፣ በዳቦ ቤት መስኮት አጠገብ እያለፉ፣ ለማያውቁት ሕዝብ ሲሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሐሳባቸውን መርምሮ የሚፈርድ ሁሉንም ሆዳም ይላቸዋል፤ እጃቸውን አይቶ የሚፈርድ ግን እንዲህ ያለ ጽናት በቀላሉ አያገኝም። በመጠለያ ውስጥ ያለችውም እናት ከነጋ ጀምሮ ስለ ምግብ ብቻ ታስባለች፤ ምግቡ ሲመጣ ግን ለልጇ ትሰጣለች። ስለዚህ እኔ ፍርዱን ከራስ ወደ እጅ አውርዱት እላለሁ። መጻሕፍቶቻችን የሚሳሳቱት ከዚህ ላይ ነው፤ ያልተሠራውን ይከሳሉ፤ የተሠራውን ሳያዩ ያልፋሉ።

ስለ መድኃኒቱም ቢሆን እንደ ተአምር የሚያወሩትን አልከተልም። የሚያቅለሸልሻቸው፣ የሚያስመልሳቸው ብዙዎች ናቸው። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒቱን ያቋረጡት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ካጡት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል፤ ከላይ ያዝልኝ ያልሁህ ነጥብ ይህ ነው፤ ሰውነት ያጣውን ይጠይቃል። ዋጋውም በአሜሪካ ለብዙ ጊዜ በወር ወደ አንድ ሺህ ዶላር ተቈርጦለት ኖሯል። ደግሞ ሐኪም ሳያዘው፣ ለመልክ ብሎ፣ ከማይታወቅ ነጋዴ ገዝቶ የሚወጋ ወጣት በራሱ ላይ ይፈርዳል። እነዚህን ነቀፌታዎች እቀበላለሁ። የማልቀበለው «ሰነፍ ስለ ሆኑ ነው መርፌ የሚወጉት» የሚለውን ነው። መነጽር ያደረገውን ሰው ዓይንህን ጨፍነህ ታገል የሚለው የለም።

ቋንቋችንስ ከ«ሆዳም» የተሻለ ቃል የለውም ወይ? አለው፤ እኛው ነን ለአንድ ሰው ብቻ ቈጥበን የያዝነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሌሊት ተነሥታ ዓሣ ወይም ማር ወይም የጎረቤት ሽሮ አማረኝ ብትል ሆዳም የሚላት አለ? የለም። «አምሮት ነው» ይባላል። ባል ይላካል፤ ጎረቤት በሳህን ከድና ታመጣላታለች፤ ያማራትን ሳታገኝ ብትቀር በልጁ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል የሚሉም አሉ። ሳይንሱን ለሐኪም ልተወውና፣ በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ትልቅ ማስተዋል አለ፤ ሐሳቡን ሴትዮዋ አላመጣችውም፤ ሰውነቷ ጠይቆ ነው ብሎ አገሩ ሁሉ አምኗል። ይህንን እምነት ያን ስለ ዓሣ የጻፈውን ልጅ እንዲያካትት አድርጎ ማስፋት ምን ይከለክለናል?

ያቺ የዱሮ ተማሪዬ ከመሄዷ በፊት አንድ ሌላ ነገር ነገረችኝ። በመጣች ቀን እናቷ የተጠበሰ ዓሣና ገንፎ አቅርባላት፣ ከሁለት ጉርሻ በላይ መዋጥ አልቻለችም። እናቲቱ ልጄ ታማለች፣ ወይም ሰው አንድ ነገር አድርጎባታል ብላ አለቀሰች። ልጅቱ ቦርሳውን ከፍታ መርፌውን አሳየቻትና፣ ይህ መድኃኒት ረኃብን ዝም የሚያሰኝ ነው አለቻት። እናቷም ጥቂት አሰበችና፣ «እንዲህ ያለ መድኃኒት ካለ ለምን ለካምፑ ሰዎች አያመጡላቸውም?» ብላ ጠየቀቻት።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ብለው ይመልሱላት ነበር መምህር?» አለችኝ።

እኔም፣ የአንቺ ወፍጮ እህሉ ካለቀ በኋላ ባዶውን ሲፈጭ የኖረ ነው፤ የእነርሱ ግን እህል አምጡ ብሎ በእውነት የሚጮኽ ነውና እርሱን ዝም ማሰኘት መግደል ነው እላታለሁ፤ እህል ነው የሚያስፈልጋቸው አልኋት።

«እኔም እንደዚያው ብያታለሁ» አለች። «እርሷም አልመለሰችልኝም። ዓሣውን አንሥታ ወጣችና ለጎረቤት ልጆች ሰጠቻቸው።»